ጠረጴዛው በበሩ አልገባም፦ ከጡረታ በኋላ የግል የሥራ ክፍል ስናዘጋጅ የምንሠራቸው ስህተቶች

34 ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ ወጣሁ። ሥዕል ሁልጊዜ «ጡረታ ስወጣ» የምለው ነገር ነበር። ተማሪ ስፈትን ትርፍ ወረቀት ላይ እየሞነጫጨርኩ ስንት ዓመት እንዳለፈ እንጃ። 60 ሞላኝ፤ ሸኙኝ፤ ጋቢ አለበሱኝ። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ አንድም ሥዕል አልሳልኩም። ምን ስሠራ ከረምኩ? የሥዕል ክፍል ሳዘጋጅ!

ባለቤቴ ታግሳ ታግሳ አንድ ቀን «አቦ! ወይ ሳል፣ ወይ ክፍሉን መልስልኝ» አለችኝ። እውነቷን ነበር።

የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ክፍሉ ግቢው ጥግ ያለው ሰርቪስ ነው፤ 3 በ4። ድሮ ልጃችን ያድርበት ነበር፤ አግብቶ ሲወጣ ባዶ ቀረ። እዚያች ክፍል ውስጥ የሠራኋቸውን ስህተቶች ልንገርዎት። ጡረታ የወጡ ወዳጆቼ የሠሩትንም እጨምራለሁ፤ አንዱ እንጨት ይሠራል፣ አንዷ ስፌት ትሰፋለች፣ አንዱ የሕይወት ታሪኩን ይጽፋል። ሥራችን ለየቅል ነው። ስህተታችን ግን አንድ ዓይነት ነው፤ አብዛኛው የመጣው ክፍሉን ከሥራው ስላስቀደምን ነው።

ሳይጀምሩ መግዛት

እቁብ ደርሶኝ ነበር። ብሩ ገና እጄ ላይ ትኩስ ነው። መጀመሪያ ያደረግኩት ጠረጴዛ ማሠራት ነው። ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ20፣ ከፍታው 78 ሳንቲም፣ ደህና ጣውላ። አናጺው የድሮ ተማሪዬ ነው። «ቲቸር፣ በሩን ለክተውታል?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። የሒሳብ አስተማሪ እንዲህ ይጠየቃል? «አንተ ሥራህን ሥራ» አልኩት።

የሰርቪሱ በር 70 ሳንቲም ነው። በጎኑ አጋድመን፣ እግሩን አስቀድመን እያዞርን እንዳናስገባው ደግሞ ከበሩ ፊት ለፊት የውሃ ሮቶ አለ። ሮቶው ሙሉ ነው። ድሬ ላይ የሞላ ሮቶ ማን ይደፋል? አራት ሰው ሆነን ቀትር ላይ አንድ ሰዓት ታገልን። በመጨረሻ አራቱም እግሮች በመጋዝ ተቆረጡ። ውስጥ ከገባ በኋላ በብረትና በቡሎን ተቀጠሉ። እስከ ዛሬ ይወዛወዛል።

ደግሞ ያ ሁሉ ስፋት አላስፈለገኝም። ተቀምጦ የሚሠራ ሰው እጁ ሳይንጠራራ የሚደርሰው ከ60 እስከ 70 ሳንቲም ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው የጠረጴዛው ግማሽ ዕቃ መከመሪያ ሆነ፤ መነጽሬ ሲጠፋ መጀመሪያ የምፈልገው እዚያ ነው። ተቀምጠው የሚሠሩ ከሆነ ከፍታው ከ72 እስከ 75 ሳንቲም ይበቃል። ቆመው ለሚሠሩ፣ በተለይ ለእንጨት ሥራ፣ እንደ ቁመትዎ ወደ 90 ይጠጋል። በሩንም ይለኩ።

ቀለሙም እንደዚያው። አንድ ዘመዳችን ከአዲስ አበባ ሲመጣ 24 ቀለም የያዘ ሳጥን አስመጣሁ። ዛሬ የምጠቀመው ስምንቱን ነው። የቀሩት ሳይከፈቱ በሙቀቱ ቱቦአቸው ውስጥ ደረቁ።

ጎረቤታችን ያለችው ባለ ስፌት ከእኔ በልጣ ተገኘች። እሷም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበረች። ጡረታ እንደወጣች ምንም ሳትገዛ ግቢዋ ካለው ኒም ዛፍ ሥር ካርቶን አንጥፋ ቁጭ አለች። ስንደዶና አክርማ እየጠቀለለች፣ አለላውን ውሃ ውስጥ ነከር እያደረገች፣ በወስፌ እየወጋች ወራት ቆየች። አለላ ሲደርቅ ይሰባበራል፤ በድሬ ሙቀት ደግሞ ለመድረቅ ጊዜ አይፈጅበትም። ስለዚህ መጀመሪያ የገዛችው ዕቃ ሰፋ ያለ ጎድጓዳ ሳህንና እርጥብ ጨርቅ የምታስቀምጥበት ክዳን ያለው ባልዲ ነው። ሁለተኛው ዝቅ ያለች በርጩማ። ሦስተኛ የለም። ምን እንደሚጎድላት የነገራት ሥራው ራሱ ነው።

እርስዎም ሁለት ሦስት ወር እንዲሁ ይሥሩ። ምግብ ጠረጴዛ ላይ፣ በረንዳ ላይ፣ ባገኙት ቦታ። ተነስተው ደጋግመው የሚያመጡትን ዕቃ ልብ ይበሉ። ቦርሳዎን የሚከፍቱት ለእሱ ነው።

የድሬን ፀሐይ መናቅ

እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ክፍል አዘጋጅተው ከተዉት ሰዎች ብዙዎቹን ያባረራቸው ሙቀት ነው።

ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ነች። ድሬ ወደ 1,200 ወርዳለች፤ ዙሪያዋን ተራራ ከቧታል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ከ35 ዲግሪ ማለፉ ለኛ ወሬ አይደለም። ሐረር ያለ ወዳጄ የሕይወት ታሪኩን የሚጽፈው ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ባለው ቤት ውስጥ ነው። የእሱ ችግር ጨለማና የጠዋት ብርድ ነው። «መስኮት አስፋ» ብሎ መከረኝ። ምክሩን ሰምቼ በምዕራብ በኩል ያለውን መስኮት አሰፋሁ። ከዚያ በኋላ ከሰዓት ክፍሉ ውስጥ የተቀመጠ ሻማ ጎበጠ። ቀልድ አይደለም፤ መብራት ሲጠፋ ብዬ መደርደሪያ ላይ ያቆምኳት ሻማ ናት፤ አንገቷን ደፍታ አገኘኋት።

የምዕራብ ግድግዳ ከቀትር በኋላ ፀሐይዋን ይጠጣል። ብሎኬት ደግሞ የጠጣውን ሙቀት ቶሎ አይለቅም። ማታ 2 ሰዓት ላይ እጅዎን ቢያሳርፉበት ገና ይሞቃል። ስለዚህ ክፍል የመምረጥ ዕድል ካለዎት የምሥራቁን ይምረጡ። ጠዋት ትንሽ ያቃጥልዎታል እንጂ፣ ከቀትር በኋላ ግድግዳው ራሱ ጥላ ይሆናል። እንደኔ ምርጫ ከሌለዎት በምዕራብ በኩል ውጭው ላይ ጥላ ይሥሩ፤ ዳስ፣ የሸንበቆ ምንጣፍ፣ የሚያድግ ሐረግ፣ ያገኙትን። መጋረጃ ውስጥ መስቀል ብዙም አይረዳም። ሙቀቱ መስታወቱን አልፎ አንዴ ገብቷልና።

ስለ ሥዕል የተጻፉ የፈረንጅ መጻሕፍት «የሠዓሊ መስኮት ወደ ሰሜን ይሁን» ይላሉ። በእነሱ አገር ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል በሰሜን መስኮት በኩል የሚገባው ብርሃን ቀኑን ሙሉ የረጋ ነው። እኛ ግን ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ነው ያለነው። ከሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት እስከ ነሐሴ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ የቀትር ፀሐይ የምታልፈው በሰሜን በኩል ነው። ሰኔ ላይ ከአናታችን ወደ ሰሜን 14 ዲግሪ ያህል ታዘነብላለች። እንግዲህ የሰሜን መስኮት ጥሩ ነው፤ ግን ከላዩ ወጣ ያለ ጣሪያ ይፈልጋል። አስልቼዋለሁ፤ 60 ሳንቲም ወጣ ካለ የቀትሩን ፀሐይ በደንብ ይመልሳል። (የሒሳብ አስተማሪ ጡረታ ቢወጣም ሒሳቡ አይወጣለትም።)

ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ኮርኒስ የግድ ነው። ኮርኒሱን ደግሞ ግጥም አድርገው አይዝጉት። በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል ያለው አየር መውጫ ካላገኘ እንደ ምድጃ ይሆናል። በሁለቱም ጫፍ በወንፊት ሽቦ የተሸፈነ ቀዳዳ ይተዉለት። ወንፊቱ ለወፍና ለአይጥ ነው።

ቬንትሌተር ከገዙ ወደ ራስዎ ያዙሩት እንጂ ወደ ሥራዎ አይደለም። የውሃ ቀለም ብሩሹን ሳያነሱ ይደርቅብዎታል። ወረቀት ይበርራል። እኔ ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ የለቀምኳቸው አምስት ድቡልቡል ድንጋዮች አሉኝ፤ ከሁሉም ዕቃዬ በላይ የሚያገለግሉኝ እነሱ ናቸው።

ሰዓቱም አለ። እኔ መጀመሪያ እንደ መሥሪያ ቤት ከ8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ብዬ ፕሮግራም አወጣሁ። ከሰዓት በኋላ ድሬ ውስጥ ሱቁም ሰዉም እንደሚተኛ፣ ያልተኛው በርጫ ላይ እንደሚሆን እያወቅኩ! አሁን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እገባለሁ፤ 4 ሰዓት ሲል እወጣለሁ። ሦስት ሰዓት ተኩል ላንድ ሽማግሌ ከበቂ በላይ ነው።

ብርሃኑን ከጀርባ ማድረግ

ሐረር መኪና ግርግር ያሉትን ልብስ ሰፊዎች አይተዋቸዋል? ሲንጀራቸውን ሱቅ ውስጥ ጥግ ላይ አይወሽቁትም። ደጃፍ ያወጡታል፤ የቀን ብርሃን እጃቸው ላይ ይወድቃል። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከዚያው የስፌት መኪና ድምፅ ነው።

እኛ ግን ጠረጴዛውን ግድግዳ እናስጠጋለን፤ አምፖሉ ክፍሉ መሐል ላይ ይንጠለጠላል። ሲቀመጡ የራስዎ ጥላ ሥራዎ ላይ ያርፋል። ጠረጴዛውን አዙሩት። ቀኝ እጅዎን የሚጠቀሙ ከሆነ ብርሃኑ ከግራ ይምጣ፤ ግራኝ ከሆኑ ከቀኝ። ለምሽት አንገቷ የሚዞር የጠረጴዛ መብራት ይጨምሩ። አምፖሉን ሲገዙ ሣጥኑ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። 4000 ወይም 5000 ኬልቪን የሚለው ለቀለም ሥራ ይሻላል። 2700 የሚለው ቢጫ ነው፤ ለመኝታ ቤት ያማረ ነው እንጂ ነጭ ክርና ክሬም ክር አይለይልዎትም።

ከዚህ ጋር ተያይዞ አንድ ሐቅ አለ፤ መስማት ባንወደውም። በ60 ዓመት ዕድሜ ዓይናችን ውስጥ ገብቶ የሚደርሰው ብርሃን በ20 ዓመታችን ይደርስ ከነበረው ሲሶው ያህል ነው። የዓይን ብሌን ይጠባል፣ ሌንሱም ይደፈርሳል። ለልጅዎ የሚበቃ መብራት ለእርስዎ አይበቃም ማለት ነው። የንባብ መነጽርዎም ለመጽሐፍ ርቀት የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ ቆመው ሸራ ላይ ሲሠሩ ርቀቱ ሌላ ነው። መነጽር ከማሠራትዎ በፊት ከዓይንዎ እስከ ሥራዎ ያለውን ርቀት በሜትር ለክተው ለባለሙያው ይንገሩት።

ቀለም ሁሉ ወደ ቡናማ ያደላብዎት ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የቀለሙ ላይሆን ይችላል። ክሎድ ሞኔ የሚባለው ፈረንሳዊ ሠዓሊ የዓይን ሞራ ይዞት በነበረበት ጊዜ ሥዕሎቹ እየቀሉና ቡናማ እየሆኑ ሄደው ነበር። በ1923 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ቀኝ ዓይኑን ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። የዓይን ሞራ ዛሬ በአጭር ቀዶ ሕክምና ይወገዳል። ሳይታዩ ቀለም አይቀይሩ።

ዘይት የነካ ጨርቅ ጨምድዶ መጣል

ይህ አጭር ነው፤ ግን ቤት ያቃጥላል።

የዘይት ቀለም የሚሠሩ፣ እንጨት በተልባ ዘይት የሚያሹ ሰዎች ያስተውሉ። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ከአየር ጋር ይዋሃዳል፤ ሲዋሃድ ሙቀት ያወጣል። ጨርቁ ተዘርግቶ ከሆነ ሙቀቱ ይበተናል። ተጨምድዶ ጥግ ላይ ከተጣለ ሙቀቱ ውስጡ ይጠራቀምና ክብሪት ሳይነካው ራሱ ሊነድ ይችላል። በድሬ ሙቀት ላይ ይህን ሲጨምሩበት ያስቡት። ጨርቁን ውጭ ዘርግተው ያድርቁ፣ ወይም ውሃ ባለበት ክዳናም ቆርቆሮ ውስጥ ይክተቱት። እንጨት የሚሠራው ጡረተኛ ወዳጄ አንድ ጠዋት ጨርቁ ጥግ ላይ ሲጨስ ደርሶበታል። ቀደም ብሎ ባይነሳ ኖሮ እንጃ።

ቀለም ማቅጠኛው አኳራጅም ተን አለው፤ ተኑ ይነዳል። ባለቤትዎ በፍቅር ቡናውን «እዚያው ክፍልህ ውስጥ ላፍላልህ» ብላ ከሰል ይዛ ብትመጣ፣ እርስዎ ተነስተው ወደ በረንዳው ይሂዱ። ቡናም ውጭ ይሻላል። መስኮትና በር ትይዩ ሆነው ካልተከፈቱ በዚህ ዓይነት ነገር አይሥሩ፤ ራስ ምታቱ ብቻ ሁለት ቀን ይቆያል።

ወለል ላይ ማስቀመጥ

ምስጥ። ሌላ ምን እላለሁ? የእንጨት መደርደሪያዬን አፈር የነካ ግድግዳ አስጠግቼ አቆምኩት። በስድስተኛው ወር አንዱን ጎን በጣቴ ብነካው ጣቴ ገባ። ከውጭ ሲያዩት ደህና ነው፤ ውስጡ ወረቀት ሆኗል። ከዚያ ወዲህ የመደርደሪያው እግሮች ብረት ናቸው፤ ከግድግዳውም አራት ጣት ይርቃል። በየሳምንቱ ጀርባውን በባትሪ አያለሁ። ግድግዳው ላይ የጭቃ መስመር ሲጀምር ካዩ ምስጡ እየመጣ ነው፤ መስመሩን ጠርገው ምንጩን ይፈልጉ።

ጎርፉም አለ። የ1998ቱን ክረምት የድሬ ሰው አይረሳውም። ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ከተረፉት ውስጥ ፎቶ፣ ሰርተፊኬትና ደብዳቤ ያጡት ብዙ ናቸው። አንድ የማውቀው ሰው የአባቱን የባቡር ድርጅት ፎቶዎች አልጋ ሥር በካርቶን አስቀምጦ ነበር፤ አንድም አልቀረለት። ወንዙ አጠገብ የሚኖሩ ከሆነ የሠሩትን ነገር ከወገብ በላይ ያስቀምጡ። ሳቢያን ላለነውም ቢሆን የፈነዳ የውሃ ቱቦ ያው ጎርፍ ነው።

ስለ ውሃ ካነሳሁ አይቀር፤ የድሬ ውሃ ጨው ይበዛዋል፤ ማንቆርቆሪያውን ከፍተው ነጩን ቅርፊት ይዩ። በዚህ ውሃ የውሃ ቀለም ሲበጠብጡ ሲደርቅ ጥቁሩ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ይተዋል። እኔ ወር ሙሉ ወረቀቱን ስረግም ነበር። አፍልቶ፣ አቀዝቅዞ፣ ዝቃጩን ትቶ የላዩን መጠቀም ነው። ብሩሹም ዕድሜው ይረዝማል።

ቤተሰቡን ሳያማክሩ በር መዝጋት

በኛ አገር የተዘጋ በር ቁጣ ነው። ወይም ሕመም። እኔ «የሥራ ሰዓት» ብዬ በሩን ስዘጋ፣ ጎረቤት «ጋሼ ምን ሆኑ?» እያለ ባለቤቴን ጠየቀ። እህቴ ከሐረር ደወለች። ወሬው እንዴት እዚያ እንደደረሰ አሁንም አላወቅኩም።

አስቀድሞ መነጋገር ይሻላል። ክፍሉ ማን ሊያድርበት ታስቦ ነበር? እንግዳ ሲመጣ የት ይተኛል? ባለቤቴ ለካ ሰርቪሱን ለእህቷ ልጅ አስባው ኖሯል። አልጠየቅኩም፤ አልነገረችኝም። ተቀያይመን ከረምን። በኋላ ተስማማን፤ ታጣፊ አልጋ ገባ፣ ልጁ ሲመጣ ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ ይለብሳል። በሩ ደግሞ ገርበብ ይላል። ገርበብ ካለ «አለሁ፤ ግን ቆይ» ማለት ነው። ሁሉም ገብቶታል። ከትንሹ የልጅ ልጄ በቀር።

እሱን በተመለከተ ያገኘሁት መፍትሔ የራሱን ቦታ መስጠት ነው። በሩ አጠገብ ዝቅ ያለች ጠረጴዛ፣ አሮጌ ወረቀት፣ የራሱ ሁለት ቀለም። «አባባ የኔን አትንካ» ይለኛል። ቢላ፣ መጋዝ፣ አኳራጅ ግን ከፍ ብሎ ተቆልፏል።

ለሴቶች ነገሩ ይከብዳል፤ ይህን ባልጽፍ አላርፍም። ጡረታ የወጣ ወንድ ክፍል ሲይዝ «ጎሽ፣ ሥራ አገኘ» ይባላል። ሴቷ ግን ከመሥሪያ ቤት ጡረታ ወጣች እንጂ ከወጥ ቤት አልወጣችም። ሳሎን ጥግ የቆመው የስፌት መኪናዋ የልብስ መከመሪያ፣ የሪሞት ማስቀመጫ፣ የሁሉ ነገር ጠረጴዛ ይሆናል። ለመስፋት ስትቀመጥ መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ዕቃ ታነሳለች። ወንዶች ሆይ፣ መኪናው ላይ ምንም አታስቀምጡ። ልጆች ሆይ፣ እናንተም። እሷም «ግድ የለም» ማለቷን ትተው።

መጋዘን ማድረግ

«ለምን ይጣላል?» የምትባለው ቃል የስንቱን ክፍል በላችው! ሰርቪሱ ባዶ መሆኑ እንደታወቀ የተበላሸው ምጣድ መጣ፣ የልጃችን ሠርግ የተረፈው ምንጣፍ መጣ፣ የእኔው የ34 ዓመት የትምህርት ዝግጅት ማስታወሻ በጆንያ መጣ። የመጨረሻውን ለመጣል ልቤ እምቢ አለኝ። በመጨረሻ ጀርባው ንጹሕ የሆነውን መርጬ ለልምምድ ሥዕል አዋልኩት። አሁን የአንዳንዱ ሥዕል ጀርባ ላይ የዘጠነኛ ክፍል አልጀብራ አለ።

የሐረሪ ቤት ገብተው ያውቃሉ? ሰው የሚቀመጠው ከፍ ከፍ ባለው መደብ ላይ ነው፤ ዕቃው፣ ስፌቱ፣ ሰሐኑ ግድግዳው ላይ ይሰቀላል፣ ግድግዳው ውስጥ በተቦረቦረው ቦታ ይደረደራል። ቤቱ ትንሽ ሆኖ ሰፊ የሚመስለው ለዚህ ነው። እኔም ግድግዳ ላይ ምስማር መትቼ መሣሪያዬን ሁሉ ሰቀልኩ። የተሰቀለ ይታያል፤ ሣጥን ውስጥ የገባ ይረሳል። የማይሰቀል ነገር ካለ ለክፍሉ አይደለም ብያለሁ። ግድግዳው ብሎኬት ከሆነ ተራ ምስማር አይይዝም፤ በድሪል በስተው ፊሸር ያስገቡ።

ሰውነትን መርሳት

ፕላስቲክ ወንበር ላይ ሦስት ሰዓት ሥዬ ስነሳ ወገቤ እምቢ ያለበትን ጠዋት አልረሳውም። ጀርባ የሚደግፍ፣ እግር ወለል የሚያስነካ ወንበር ይፈልጉ፤ አሮጌ የቢሮ ወንበር በርካሽ ይገኛል። ታይዋን ወይም ቀፊራ ገበያ ዞር ዞር ማለት ነው። መንኮራኩሩን ግን ያስነቅሉት። የሰርቪሱ ወለል ሴራሚክ ነው፤ ወንበሩ ሲንሸራተት አንዴ መሬት አውርዶኛል።

ከትከሻ በላይ ዕለት ዕለት የሚፈልጉትን ነገር አይስቀሉ። በርጩማ ላይ ወጥቶ መንጠራራት ለኛ ዕድሜ አይደለም። የመብራት ገመድ በእግር መተላለፊያ አያሳልፉ። አንድ ማከፋፈያ ላይ ቬንትሌተር፣ መብራት፣ ካውያ፣ ቻርጀር ሁሉን አይሰኩ፤ ሶኬቱ ከሞቀ ኤሌክትሪሺያን ይጥሩ። ውሃ አጠገብዎ ይሁን። በሥራ የተመሰጠ ሰው ጥማት አይሰማውም። ግን ሁለት ብርጭቆ አይደርድሩ፤ እኔ ብሩሽ የታጠበበትን አንዴ ጠጥቻለሁ። ሰማያዊ ነበር።

አንድ ወንበር ብቻ ማስገባት

ይህን ስህተት ያሳየኝ የሐረሩ ወዳጄ ነው። ሊያየኝ መጣ፤ ቆሞ አየኝና ቆሞ ሄደ። መቀመጫ አልነበረም። ከሥራ ስንወጣ ያጣነው ደመወዝ ብቻ አይደለም፤ የሻይ ሰዓቱንም፣ ክርክሩንም፣ «ቲቸር» የሚለንን ሰው ጭምር ነው። ክፍሉን የራሴ ብቻ ለማድረግ ስጣጣር ቤቱ ውስጥ ካለው ሰው ሁሉ ተለየሁ።

ሁለተኛ ወንበር አስገባሁ። ታጣፊ ነው፤ ብዙ ቦታ አይይዝም። የሚመጣው ሰው ብዙ ጊዜ «ስንት ትሸጠዋለህ?» ይላል። መጀመሪያ ይህ ጥያቄ ያናድደኝ ነበር። ከዚያ አንድ ሰሞን አታለለኝና ለመሸጥ ብዬ የባቡር ጣቢያውን ሥዕል ደጋግሜ ሠራሁ። በአራተኛው እጄ ሰነፈ። አሁን «ቡናህን ጠጣ» ነው የምለው።

አናጺው ቅዳሜ ቅዳሜ ብቅ ይላል። ታጣፊው ወንበር ላይ ይቀመጥና ዓይኑ መጀመሪያ የሚሄደው ሥዕሉ ላይ ሳይሆን የጠረጴዛው እግር ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት ጎንበስ ብሎ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ ነካካቸው።

«ቲቸር፣ እስካሁን ይወዛወዛል?»

«ይወዛወዛል።»

«ሲያሠሩ በሩን አልለኩትማ» አለና ከኪሱ ቁልፍ አውጥቶ ማጥበቅ ጀመረ።